በአደጋ ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ስለሚታይ ካርታ፤ ነጋዴውም በዚህ ረገድ ስላለበት ድርሻ

በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ቡና ዋጋ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም መጻፉ አይቀርም። እኔ ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ጉዳይ ግን ላንዳንድ አንባቢ ከንግድ ሥራ የራቀ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም ድንገተኛ አደጋ በደረሰ ጊዜ፣ መብራትና ኔትወርክ በተቋረጠበት ሰዓት፣ የአደጋ ሠራተኞች አስቀድሞ በእግር ተዙሮ የተሰበሰበውን የካርታ መረጃ ያለ ኢንተርኔት ከፍተው ለማየት ስለሚችሉበት ዘዴ ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶችና የበጎ አድራጊዎች ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ሱቅና መጋዘን ያለውን ሰው ከማንም አስቀድሞ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት የማያስታውስ የምክር ቤት አባል አይገኝም። የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው በአንድ ሌሊት ዐመድ የሆነባቸው ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸው። የመንገዱ መጥበብና የሱቆቹ መጠጋጋት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እጅግ እንዳከበደባቸው በጊዜው ተነግሯል። ስለ መንገዱ ጥበት ብዙ ስለ ተባለ እኔ አልደግመውም፤ መንገድ ማስፋት የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው፤ ገንዘብም ዘመንም ይፈልጋል። ነገር ግን ጠባቡ መንገድ የቱ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው። የትኛው መተላለፊያ መኪና ያሳልፋል? የትኛውስ በሸራና በዕቃ ተዘግቷል? የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ወዴት ነው? የሕንፃው መብራት የሚቋረጠው በየትኛው ግድግዳ ላይ ባለው ማጥፊያ ነው? የኋላ መውጫ ያለው የትኛው ቤት ነው? ይህን ሁሉ ለማወቅ ዘመን አይፈጅም፤ ሰው ዞሮ፣ አይቶ፣ መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የምሠራው በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስለ ሆነ አድራሻ መጻፍ የዕለት ሥራዬ ነው። ወደ ውጭ አገር በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እናሰፍራለን፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ዕቃ ስንልክ ግን አድራሻው «ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ከባንኩ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» የሚል ይሆናል። ሹፌሩ እዚያ ሲደርስ ይደውላል፤ ተሸካሚው ወጥቶ ይመራዋል፤ ነገሩ ይፈጸማል። ይህ አሠራር ዕቃ ማድረስን ያዘገያል እንጂ ሰው አይጎዳም። በእሳት ጊዜ ግን ስልኩ ካልሠራ የሚመራ አይኖርም፤ ሰማያዊው በርም በሌሊት በጢስ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ አይታይም።

ስልኩ ለምን አይሠራም የሚል ቢኖር ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስልክ ማማ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ባትሪው የሚያቆየው ለተወሰነ ሰዓት ነው። እሳት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ለሰው ሕይወት ሲባል የአካባቢው መብራት ሆን ተብሎ ይቆረጣል። ማማው ባይጠፋ እንኳ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ዘመዱና ስለ ሱቁ ለመጠየቅ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል። ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ፣ ከደሴቲቱ የስልክ ማማዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት ከሥራ ውጭ እንደ ሆኑ የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን አስታውቋል። እንግዲህ ካርታውን ከኢንተርኔት እየሳበ የሚያሳይ ስልክ በእንደዚህ ያለ ሰዓት ለባለቤቱ የሚያሳየው ባዶ ሜዳ ነው።

ነገሩ በተግባር የተፈተነው በሄይቲ ነው። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዪቱን ፖርት ኦ ፕሬንስን ባፈረሰ ጊዜ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የዓለም ካርታ ላይ ከተማዪቱ ከጥቂት ዋና ዋና መንገዶች በቀር ባዶ ነበረች። ኦፕን ስትሪት ማፕ ማለት ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ በ1996 ዓ.ም. የጀመረው፣ ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን መንገድና ቤት የሚያስገባበት፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ካርታ ነው። የሳተላይት ኩባንያዎች የአደጋውን ሥፍራ ፎቶግራፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ በነፃ ስለ ለቀቁ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ከ600 በላይ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ መንገዱን፣ የፈረሰውን ሕንፃና የተፈናቃዩን መጠለያ ሁሉ ሣሉት። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ከአሜሪካ ከቨርጂኒያ ግዛት፣ ከፌርፋክስ አውራጃ የሄደው የነፍስ አድን ቡድን ይህንኑ ካርታ ጋርሚን በሚባለው የእጅ ጂፒኤስ መሣሪያ ላይ ጭኖ በፍርስራሹ መካከል ተመራበት። መሣሪያው ስልክ አይደለም፤ ኢንተርኔትም አያውቅም። ካርታው አስቀድሞ በሆዱ ስለ ገባ ብቻ ሠራ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው በኢንተርኔት ይመስለናል፤ እንዲህ አይደለም። ጂፒኤስ ከምድር ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ እርሱ ወደ ማንም አይልክም። ልክ እንደ ሬዲዮ ነው፤ ዜና ለመስማት የስልክ ካርድ መሙላት የሚያስፈልገው ማን አለ? ኔትወርክ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹን ቶሎ እንዲያገኝ ይረዳዋል፤ ሳይኖርም ጥቂት ይዘገያል እንጂ ማግኘቱ አይቀርም። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ የሚጠፋው ያለንበት ነጥብ ሳይሆን ነጥቡ የሚያርፍበት ካርታ ነው። ካርታው በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ካርታን በስልክ ማስቀመጥ ከባድ ነው የሚል ቢኖር ለነጋዴ በሚስማማ ሒሳብ ልመልስለት። የካርታ መተግበሪያዎች ዓለምን በአራት ማዕዘን ቁራጮች ይከፋፍሏታል። በመነሻው፣ ዜሮ ተብሎ በሚቆጠረው ደረጃ ዓለም በሙሉ 1 ቁራጭ ናት፤ አንድ ደረጃ ቀርበን ስናያት 4፣ ቀጥሎ 16፣ እንዲህ በአራት እየተባዛ ቤት ከቤት በሚለይበት በ18ኛው ደረጃ ከ68 ቢሊዮን በላይ ቁራጭ ይሆናል። ይህን ሁሉ በኪሱ የሚይዝ የለም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ኬክሮስ ላይ የአንዱ ቁራጭ ጎን በዚያው ደረጃ 150 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ የገበያ ሥፍራ ከ65 በማይበልጥ ቁራጭ ተሸፍኖ ያልቃል፤ ይህም በዘመኑ ስልክ ውስጥ ከምንም የሚቆጠር ቦታ አይወስድም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ዛሬም የአገራችንን ካርታ ጠቅላላ በነፃ ያወርዳሉ። የጎግልም ካርታ ቢሆን የተመረጠውን ሥፍራ አውርዶ ለማስቀመጥ ይፈቅዳል።

ይሁን እንጂ የወረደ ካርታ ብቻውን አይበቃም። ሳተላይት ጣራ እንጂ በር አያይም። ጣራው ቆርቆሮ መሆኑን ከሰማይ ማወቅ ይቻላል፤ ከጣራው በታች ያለው ግድግዳ ብሎኬት ይሁን ጭቃ፣ ፎቁ በእንጨት ይሁን በብረት የተሠራ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይም ወደ ውጭ ማወቅ ግን የሚቻለው በእግር በሄደ ሰው ብቻ ነው። የመስክ መረጃ የሚባለውም ይኸው ነው። በጎግል ካርታ ላይ እኛ ዞረን የሰበሰብነው የኋላ በርና የመብራት ማጥፊያ አይገኝም፤ እርሱን የሚያሳይ የራሳችን ካርታ ሊኖረን ይገባል።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ዘዴ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኦፕን ማፕ ኪት የተባለው መተግበሪያ ካርታውን በስልክ ውስጥ ይዞ፣ ዘዋሪው የቆመበትን ሕንፃ በጣቱ ሲነካ ጥያቄዎችን ያቀርብለታል፤ መልሱን ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል። ፖዝም ደግሞ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ናት፤ የራሷን ዋይፋይ ታሰራጫለች። ዘዋሪዎቹ ማታ ሲመለሱ በዚያች ዋይፋይ አማካይነት የሰበሰቡትን ያስረክባሉ፤ ካርታው እዚያው ይታረማል፤ እዚያው ይታያል፤ ኢንተርኔት በተገኘ ቀን ከዓለሙ ካርታ ጋር ይቀላቀላል። በዙሪያዋ ያለ ማንኛውም ስልክ ወይም ላፕቶፕ ገብቶ የዕለቱን ካርታ ለማየት ይችላል። የእሳት አደጋ መኪና ላይ አንዲት እንደዚህ ያለች ኮምፒዩተር ብትጫን፣ ከተማው በሙሉ ጨለማ ቢሆን እንኳ ከመኪናው የወረደው ሠራተኛ ሁሉ ካርታውን በእጁ ያገኛል ማለት ነው።

ስልክ ለሌለው ወይም ለማይወደው ሰው ፊልድ ፔፐርስ የሚባል ሌላ ዘዴ አለ። ካርታው በወረቀት ይታተማል፤ ጥግ ላይ ኮምፒዩተር የሚያነበው አራት ማዕዘን ምልክት ይኖረዋል። ዘዋሪው ያየውን በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፤ በኋላ ወረቀቱ ፎቶግራፍ ሲነሣ ኮምፒዩተሩ በምልክቱ አማካይነት ወረቀቱ የትኛው ሥፍራ እንደ ሆነ ዐውቆ በቦታው ያስቀምጠዋል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም ይህን እወዳለሁ። ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም፤ ሃምሳ ዓመት በመርካቶ የኖሩ አንድ አዛውንት ነጋዴም ስልክ ሲሰጣቸው «ተወው ልጄ» ቢሉ እንኳ እስክሪብቶ ሲቀርብላቸው አይሉም።

እዚህ ላይ አንድ የሥራ ምሥጢር መነገር አለበት። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ አምስት ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ስሕተቱ ይብሳል። በአገር ቤት እርሻ ላይ አምስት ሜትር ምንም አይደለም። በመርካቶ ግን ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ሱቅ ብዙ ነው፤ አምስት ሜትር ሁለት ሱቅ ተሻግሮ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። የሽቶ ሱቅ በካርታው ላይ የብረት ዕቃ ሱቅ ሆኖ ቢገኝ ካርታ አለመኖሩ ይሻላል። ስለዚህ ዘዋሪው ስልኩ የሰጠውን ነጥብ አምኖ መሄድ የለበትም፤ የሕንፃውን ሥዕል በካርታው ላይ አይቶ፣ «ከዚህ ማዕዘን አራተኛው በር» ብሎ ቆጥሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ኦፕን ማፕ ኪት ሕንፃውን በጣት ማስነካቱም ስለዚሁ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያስተምረን ከሁሉ በላይ ጊዜን ነው። በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ወር በጊኒ የኢቦላ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የጌኬዱ ከተማና የአካባቢው ካርታ ስላልነበረው በበሽታው መካከል እንዲሣልለት መጠየቅ ግድ ሆነበት። ኋላም የጊኒን፣ የላይቤሪያንና የሴራሊዮንን የድንበር መንደሮች በሞተር ብስክሌት እየዞሩ የመዘገቡት የአገሩ ወጣቶች ናቸው። በኔፓል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ በሚል ስም የተደራጁት ወጣቶች የከተማቸውን ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ገና በ2005 ዓ.ም. መመዝገብ ጀምረው ስለ ነበር፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ከባዶ አልጀመሩም። በዚያው በ2007 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዳሬሰላም ራማኒ ሁሪያ፣ ማለት «ክፍት ካርታ» የተባለው ሥራ ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ሆነው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ቀበሌዎች በእግር ዞረው፣ መንገዱን ብቻ ሳይሆን የውሃ መውረጃውን ቦይ ሳይቀር መዘገቡ። ዳሬሰላም እንደኛው የአፍሪካ ከተማ ናት፤ ተማሪም ቦይም እኛ ዘንድ ሞልቷል።

ካርታ ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ካለ አልስማማውም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ናዳን የሚያቆም ካርታ የለም። ቢሆንም ጭቃው በተኛበት ሥፍራ ላይ ስንት ቤት እንደ ነበረና የትኛው ቤት የት እንደ ቆመ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ሲኖር፣ በእጁ ለሚቆፍር ሰው ከየት ልጀምር የሚለውን ጥያቄ ይመልስለታል። ከዚህ የበለጠ ተስፋ ለማንም አልሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ሱቅህን በካርታ ላይ እናስፍር ሲባል ነጋዴው የሚመልሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ዛሬ ለእሳት ተብሎ ይጻፋል፤ ነገ ለግብር ይነበባል፤ ከነገ ወዲያ ሌባ እጅ ይገባል» ይላል። ይህን ሥጋት እንደ አላዋቂነት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አልቆጥረውም። ነጋዴው ብዙ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ የሰጠውን ወረቀት በሌላ ጉዳይ ሲጠየቅበት አይቷል። ማንም ባለሥልጣን ይህን መረጃ መቼም አይጠይቅም ብሎ ለመማል የሚችል ሰውም የለም። እንግዲህ መድኃኒቱ መሐላ ሳይሆን አስፈላጊ ያልሆነውን ከመጀመሪያውኑ አለመጻፍ ነው፤ ያልተጻፈ አይነበብም።

ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የባለሱቁ ስም አያስፈልገውም። የንግድ ፈቃድ ቁጥር፣ የዕቃው ብዛትና ዋጋ፣ ዕቃው ከዱባይ ይምጣ ወይም ከቻይና ምንም አያደርግለትም። የሚፈልገው በሩ በየት በኩል እንደ ሆነ፣ ፎቁ ስንት እንደ ሆነ፣ ሌሊት ውስጥ የሚያድር ጥበቃ መኖር አለመኖሩን፣ የመብራቱን ማጥፊያ፣ የኋላ መውጫውን ነው። ከዕቃው ወገን የሚያስፈልገው አደገኛውን ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው፤ ቀለምና ቤንዚን ነክ የሆነ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሽቶና ስፕሬይ፣ ጥጥና ፕላስቲክ የመሳሰለ። ለእያንዳንዱ አንድ ምልክት ይበቃል። አንድ ሲሊንደር ያለው ሱቅና መቶ ሲሊንደር ያለው መጋዘን የተለያየ ምልክት ቢሰጣቸው እንኳ ከ«ጥቂት» እና ከ«ብዙ» ያለፈ ቁጥር አያስፈልግም።

ይህም ቢሆን ሁሉ በክፍቱ የዓለም ካርታ ላይ መውጣት የለበትም። መንገዱ፣ መተላለፊያው፣ የውሃ መቅጃው ቧንቧ ለሁሉ ቢታይ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የዕቃው ዓይነትና የጥበቃው ማደሪያ ግን በተለየ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ በመቆለፊያ ቃል ተዘግቶ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያና በመኪናዎቹ ላይ ባሉት መሣሪያዎች ውስጥ ብቻ ሊቀመጥ ይገባል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት ሌላ ጥቅም ያለውም በዚህ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ያልተያያዘን መዝገብ ከሩቅ አገር ተቀምጦ የሚሰርቀው አይኖርም። መሣሪያው በእጅ ሊጠፋ ይችላል፤ ለዚህም የመቆለፊያው ቃል አለ።

ከግብር ሥጋት በስተጀርባ የተደበቀ ሌላ ምክንያት መኖሩን ግን ዝም ብዬ ባልፍ ለአንባቢ አልታመንሁም። ካርታው መተላለፊያዎችን ሲያሳይ የዘጋቸውንም ማሳየቱ አይቀርም። ማታ ማታ መንገዱን የሚዘጋው የዕቃ ቁልል የእኛው የአባላቱ ነው። በሁለት ሱቆች መካከል የነበረውን ክፍተት በቆርቆሮ ከድነን መጋዘን ያደረግነው እኛው ነን። የእሳት አደጋ መኪና ዘግይቶ መጣ ብለን ስንወቅስ፣ መኪናው የቆመበትን ቦታ ያጠበበው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ካርታ ቢመጣ ደስ አይለንም። በዚህ የተነሣ ከሥራው የሚሸሽ አባል ቢኖር፣ ስለ ግብር ፈራሁ ባይለን ይሻላል።

ሌላው ደካማ ጎን የመረጃው እርጅና ነው። ሱቅ በየወሩ ይለወጣል፤ ትናንት ጫማ የሸጠ ዛሬ ቀለም ይሸጣል። የሦስት ዓመት ካርታ ተማምኖ ወደ ተዘጋ መተላለፊያ መኪና የሚያስገባ ሹፌር ካርታ ከሌለው የባሰ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ የታየበት ቀን አብሮት ሊጻፍ ይገባል፤ ካርታውም ከዓመት በላይ ያልታየውን በሌላ ቀለም ያሳይ። ሁለት ዘዋሪዎች በየፊናቸው ያለ ኔትወርክ አንዱን ሕንፃ ለየብቻ የጻፉት እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሲቀላቀል የትኛው እንደሚጸና የሚወስን አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። ሒሳብ ሠራተኞች ሁለት ደረሰኝ ለአንድ ዕቃ ሲመጣላቸው የሚያደርጉት ማጣራት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ለምክር ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መርካቶን በሙሉ አንድ ጊዜ እንያዝ ብንል ሥራው በስብሰባ ላይ ይቀራል። አንድ ተራ ይመረጥ፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ፈቅደው ይግቡበት። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከነጋዴዎቹ ልጆች መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑት ጥቂቶቹ ይመረጡ፤ ከእነርሱም ጋር ተሸካሚዎችና ደላሎች ይመደቡ። የመርካቶን ጓዳ ከተሸካሚ የበለጠ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም፤ ሁለት መቶ ሜትር መንገድ ለማሳጠር በየትኛው ሱቅ ውስጥ አቋርጦ እንደሚወጣ የሚያውቅ እርሱ ነው። ያ አቋራጭ በእሳት ጊዜ የሰው መውጫ ነው። ተሸካሚውም ቀኑን ያጠፋበትን እንዲከፈለው ይሁን፤ ዕውቀት በነፃ ይሰጠን ማለት ነውር ነው።

ወጪው ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ስልኮችና የማተሚያ ወረቀት ነው፤ አባላቱ ቢያዋጡት የሚከብድ አይደለም። የካርታው ቅጂ የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ለዚያ አካባቢ በመደባቸው መኪናዎች ላይ፣ በምክር ቤቱ ቢሮና በገበያው የሌሊት ጥበቃዎች ዘንድ ይሁን። ለጥበቃዎቹ በወረቀት ታትሞ በማደሪያቸው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ከኮሚሽኑ ጋርም ሥራው ሳይጀመር ቢነጋገሩበት ይገባል፤ ተጠቃሚው ያላየው ካርታ ተሠርቶ ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይገባልና።

ካርታው በስልክ ወርዷል ሲባል ደግሞ በቃል አይታመን። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማንም አንባቢ ዛሬውኑ በገዛ ስልኩ ሊሞክረው ይችላል። ስልኩ በአውሮፕላን ውስጥ እንደሚደረገው ከኔትወርክ ሁሉ ይቋረጥ፤ ዋይፋዩም ይጥፋ፤ ከዚያ ካርታው ይከፈት። ቤቶቹ ከታዩ ወርዷል፤ ባዶ ሜዳ ከታየ አልወረደም። የእሳት አደጋ ጣቢያው ይህን ፈተና በየወሩ፣ በሌሊትና በአዲስ ሠራተኛ እጅ ቢያደርገው መልካም ነው።

ዕድሳቱ በምን ጊዜ ይሁን የሚለውን ብዙዎች ከንግድ ፈቃድ ዕድሳት ጋር ሊያያይዙት ይወዳሉ። እኔ አልስማማም፤ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ካርታ ወዲያው የግብር ካርታ ይመስላልና። ይልቁንስ ነጋዴው በሰኔ መጨረሻ ለራሱ ሲል የሚያደርገው የዕቃ ቆጠራ አለ፤ በዚያን ቀን ሱቁ ሁሉ ተከፍቶ፣ መደርደሪያው ሁሉ ተገልጦ፣ የኋላው በር ሳይቀር ዕቃ ተነሥቶለት ይታያል። ቆጣሪዎቹ ሥራቸው ላይ ሳሉ አንድ ወጣት የካርታውን ወረቀት ይዞ ይግባ፤ በሩ፣ የመብራቱ ማጥፊያና የኋላ መውጫው በተጻፉበት መኖራቸውን አይቶ፣ ቀኑን ጽፎ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ። ከቆጠራው ሰዓት የሚሻማው ሩብ ሰዓት አይሞላም።